የሦስተኛው ፎቅ ቀሪዎች

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ የማዩሪ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የጽዳት ሠራተኛ የኋላውን ደረጃ ልትጠርግ በሩን ስትከፍት፣ ሹክላ ራኒ ዴብን ከታችኛው እርከን ሥር በጎኗ ተጋድማ አገኘቻት። ከጭንቅላቷ ሥር ያለው ደም ደርቋል። ሠራተኛዋ ሞታለች ብላ ጮኸች፤ ዘበኞቹም ሞታለች ብለው ደወሉልን። እኔም ሞታለች ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አውጥቼ ነበር። ኢንስፔክተር ሻምሱን ናሃር ግን ተንበርክካ አንገቷን ነካ አደረገችና፣ «ኧረ ትተነፍሳለች፤ አምቡላንስ ይጥሩ» አለችኝ።

ሞታሌብ እባላለሁ። ከዳካ አጠገብ፣ ጋዚፑር ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት ሠርቻለሁ፤ ሆዴ ከማዕረጌ ቀድሞ ያደገ ሰው ነኝ። ሻምሱን በአስራ አምስት ዓመት ታንሰኛለች፣ ግን አለቃዬ ናት። መጀመሪያ ላይ ይሄ ነገር ያንገበግበኝ ነበር፤ እያደር ለመድኩት። ይህን ጉዳይ የምተርከው እሷን ለማወደስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ ምን ያህል ጅል እንደሆንኩ ሳልናገር ብቀር ይቆረቁረኛል።

የልጅቷ ቀኝ እጅ ተጨብጧል። ሻምሱን ጣቶቿን አንድ በአንድ ስትፈታቸው ከመዳፏ የተቀደደ የወረቀት ጥግ ወጣ። በላዩ ላይ ብርሃን የሚያስተላልፍ ፕላስተር አለ፤ ከፕላስተሩ ሥር ደግሞ የተሰበረ የስፌት ማሽን መርፌ፣ ወፍራሙ ግማሽ ብቻ ተለጥፏል። አጠገቡ በእስክሪብቶ «ጆሪና፣ ላይን ሰባት፣ እሑድ» የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ ላይን በፋብሪካው ቋንቋ የሰፊዎች ረድፍ ነው።

«ጆሪና የምትባለውን እንያዛት» አልኩ ወዲያው። ስም ተጽፎልኝ ተቀምጬ ምን እጠብቃለሁ?

ሻምሱን ወረቀቱን ትንሽ ከረጢት ውስጥ ከተተችውና፣ «መጀመሪያ ይቺ ልጅ እዚህ ምን እንደምትሠራ እንወቅ» አለችኝ።

ሹክላ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ሥራዋ መቁጠር ነው። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ለቀቀ፣ ማን ስንት ዓመት ቆየ የሚለውን ከማሽንና ከወረቀት እየለቀመች ባለቤቶቹ የሚወስኑበትን ዘገባ ታዘጋጃለች። ሠራተኞቹ «ቆጣሪዋ» ይሏታል፤ አንዳንዶቹ በፍቅር፣ አብዛኞቹ በጥርጣሬ። ላፕቶፗ የለም። ሐሙስ ከሰዓት ባለቤቶቹ ተሰብስበው ሦስተኛውን ፎቅ ሊዘጉ ነበር። ያ ፎቅ ላይ ስድስት መቶ አርባ ሰው ይሠራል፤ ከአስሩ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። ወሬው ከሳምንት በፊት ወጥቶ ስለነበር፣ ግቢው ውስጥ ስናልፍ ሴቶቹ የሚያዩን ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ነበር።

የሰው ኃይል ሥራ አስኪያጁ ኻይሩል ባሻር ቢሮውን በረዶ ቤት አስመስሎታል። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እሱ እቴ፣ ጃኬት ለብሶ ነው የተቀበለን። መልከ መልካም፣ ንግግሩ ቅቤ የተቀባ ሰው ነው። ስለ ሹክላ ሲያወራ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔም አዘንኩለት። ጃኬቱን እየነካ እዚሁ እንደተሰፋ ነገረን። «ዚፑ ሳይቀር ብረት አይደለም። ልብስ ውስጥ ብረት ሲያገኝ የሚጮኸው መርፌ መፈተሻ ውስጥ ብናሳልፈው ድምፅ አያሰማም። የኛ ዕቃ እንዲህ ነው» አለ።

ከዚያ የጣት አሻራ ማሽኑን አመጣጥ ተረከልን። ከስድስት ወር በፊት እሱ ራሱ ነው ያስገባው። ድሮ ሱፐርቫይዘሮች በወረቀት ይመዘግቡ ነበር፤ ወረቀት ደግሞ ይዋሻል፣ ይዘመድበታል። ማሽን ዘመድ የለውም አለ። ደመወዝ እስካሁን የሚሠራው በአሮጌው ወረቀት ቢሆንም፣ ባለቤቶቹ የሚወስኑት በማሽኑ ቁጥር ነው። ቁጥሩም ሌላው ፎቅ ላይ ከመቶ ስድስት ሰው እንደሚቀር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግን ሠላሳ አንድ እንደሚቀር ያሳያል።

ሻምሱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። ከመቶ ሠላሳ አንዱ ከቀረ፣ ያ ፎቅ የታዘዘውን ጃኬት በቀኑ እንዴት ያስረክባል?

«እኔ ስለማስጨንቃቸው ነዋ» አለ ፈገግ ብሎ።

ስለ ሰኞ ማታ ስንጠይቀው ኮምፒዩተሩን አዞረልን። የእሱ ጣት አስራ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ መውጣቱን ተመዝግቧል። ሹክላ ለእናቷ ስልክ ደውላ «ዛሬ አመሻለሁ» ያለቻት አስራ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው፤ ያን ስልኳ ላይ አይተናል። ስለዚህ እሱ የለበትም። ስለ ጆሪና ስንጠይቀው ደግሞ ሌላ ገጽ ከፈተና፣ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ጆሪና መተላለፊያው ላይ ሹክላ ላይ ስትጮህ ግማሽ ፋብሪካ እንደሰማት ነገረን። ማሽኑ እንደሚለው ግን ጆሪና ሰኞ ጨርሶ ሥራ አልገባችም።

«ሥራ ሳትገባ ግቢ ውስጥ ምን ትሠራለች?» አለ። እኔም ውስጤ ምን ትሠራለች አልኩ።

ጆሪና አርባ አራት ዓመቷ ነው። የጃኬት አንገት የምትሰፋ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆች ኮሌጅ የምታስተምር ሴት ናት። ስትገባ ሻምሱን እጇን ጨብጣ ሰላም አለቻት፤ እጇን ትንሽ ቆይታ ነው የለቀቀችው። ያኔ ለአክብሮት መስሎኝ ነበር።

እኔ ማንንም አላከበርኩም። «ሰኞ የት ነበርሽ?» አልኳት።

«ሥራ ላይ።»

«ማሽኑ አልነበረችም ይላል።»

«እንግዲያው ማሽኑ ሰኞ ስንት አንገት እንደሰፋሁ ይንገርሃ። እኔ መቶ ዘጠና ሁለት ነው የቆጠርኩት።»

ምላሷ ስለት ነው። በሹክላ ላይ ለምን እንደጮኸች ስጠይቃት ግን ያ ምላስ ተሳሰረ። ከወረቀቱ ላይ ስሟ ለምን እንደተገኘ ስጠይቃትማ ጭራሽ አመድ መሰለች። ደጋግማ የምትለው ልጅቷ ትድናለች ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ሻምሱን፣ «አፓ፣ ታላቅ እህቴ፣ የሚደብቁት ለራስዎ ነው ወይስ ለሌላ ሰው?» አለቻት በቀስታ። ጆሪና መሬት መሬት አየች። እኔ ካቴናዬን እያቃጨልኩ ቆሜያለሁ፤ ሻምሱን ግን አሰናበተቻት።

ስትወጣ ፊቴን አጨፍግጌ ለቀቅናት ማለት ነው አልኩ። ሻምሱን ያን ቁራጭ ወረቀት አውጥታ ቀኑን በጣቷ አሳየችኝ። እሑድ ይላል፤ እኛ አገር የሚታረፈው ዓርብ ስለሆነ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ማሽኑ ደግሞ እሑድም ጆሪና አልነበረችም ነው የሚለው። ታዲያ እሑድ ያልነበረች ሴት እንዴት እሑድ መርፌ ሰበረች? እኔ ቀኑን ተሳስተው ጽፈውት ይሆናል አልኳት።

የሹክላን መሳቢያ ስንከፍት አንድ የታተመ ወረቀት አገኘን። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሚሠሩት በአገልግሎት ዘመን ተከፋፍለዋል። አንድ ዓመት የሠሩት ከመቶ አምስት ይቀራሉ፤ አምስት ዓመት የሠሩት አስራ ስምንት፤ ከአስራ አምስት ዓመት በላይ የሠሩት ስልሳ። ሹክላ ከሥሩ «የቆየ ሰው ለምን ይቀራል?» ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

«ያረጀ ሰው ይታመማል፣ ምን ይደንቃል?» አልኩ። «እኔን አያዩኝም? ጉልበቴ ብቻ በዓመት አስር ቀን ያስቀረኛል።»

«የእርስዎን ጉልበት ከዚህ ጉዳይ ውስጥ አናስገባው፣ ወንድም ሞታሌብ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ተስፋ የሚሰጥ ወሬ መጣ። ሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ የቁርጥራጭ ጨርቅ ነጋዴው የላብሉ የጭነት መኪና በኋላው በር ወጥቷል። ላብሉን በዚያ ሰፈር የማያውቀው የለም፤ የፋብሪካ ቁርጥራጭ ለመውሰድ የሰው ጥርስ ያወለቀ ጉልበተኛ ነው። መጋዘኑን ስንበረብር ከአንድ ጆንያ ውስጥ የሹክላ ላፕቶፕ ወጣ፤ ሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ። አሁንስ ያዝነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ላብሉ ግን እንደመሳቅ ብሎ፣ «ሳጅን፣ እኔ ደህናውን ኮምፒዩተር ሰብሬ ከጨርቅ ጋር የምቀላቅል ሰው እመስላለሁ? ብሰርቀው ኖሮ ዛሬ ዳካ ውስጥ ሌላ ሰው ነበር የሚጠቀምበት» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጆንያዎቹ ታስረው የሚወርዱት ከኋላው ደረጃ አጠገብ ነው፤ ማንም ያለፈ ሰው ሊወረውርበት ይችላል። ላፕቶፑን የወሰደው ሰው ዕቃውን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ነው የጠላው። የፋብሪካው የኮምፒዩተር ባለሙያ ከውስጡ ምንም አይተርፍም አለን። ማክሰኞ በዚህ አለቀ። ሐሙስ ሊደርስ ነው፣ ልጅቷም አልነቃችም።

ረቡዕ ጠዋት ሻምሱን የፋብሪካው በር ላይ አቆመችኝ። ምንም አይናገሩ፣ ዝም ብለው ይዩ አለችኝ። ሴቶቹ በሰልፍ ይመጣሉ፤ ምሳቸውን የያዙበት የቆርቆሮ ሳህን ይንኳኳል፤ እያንዳንዷ ጣቷን ማሽኑ ላይ ታሳርፋለች። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። ወዲያው ቀይ። ሴትየዋ ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ደገመች። ቀይ። ዘበኛው እጁን እያወናጨፈ፣ «ሂጂ፣ ሂጂ፣ ሰልፉን አታቁሚ» አላት። ገባች። ከኋላዋ ያለችውም ቀይ፤ ሂጂ። ቀጥላ ጆሪና መጣች። ጣቷን እንኳ አላሳረፈችም ማለት ይቻላል፤ ለወጉ ነካ አድርጋው አለፈች። ቀይ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ሰማንያ ሰባት ቀይ ቆጠርኩ። ሁሉም የሦስተኛ ፎቅ ሴቶች ናቸው። ያ ፎቅ የሚሰፋው ወፍራም የጃኬት ጨርቅ ነው፤ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው የሚሻክረው። አስር፣ አስራ አምስት ዓመት ቀኑን ሙሉ በጣት ሲገፉት የጣት መስመር አይተርፍም። ሻምሱን ጆሪናን የጨበጠቻት ጊዜ ያን ነው የነካችው። ማሽኑ የማያውቃቸው ብዙ የሠሩትን ነው። ስለቀሩ ሳይሆን ስለሠሩ ነው ቀሪ የተባሉት።

ያቺን ሴት «ማሽኑ አልነበረችም ይላል» ብዬ ዓይኗ ላይ እንዳፈጠጥኩባት ትዝ አለኝ። ዘበኛውን ለምን ዝም አልክ ብዬ ልጮህበት ስል፣ እሱ እንኳ ከኔ እንደሚሻል ሰማሁ፤ አንድ ጊዜ ላይ ላሉት ተናግሮ ነበር። ጣታቸውን ይታጠቡ ተባለ። ሁሉንም ቢያቆም ሰልፉ አስፋልት ይደርሳል፤ ደመወዛቸው እንደሁ በሱፐርቫይዘሩ ወረቀት አይጎድልም። ስለዚህ ሴቶቹም፣ ዘበኛውም፣ ሱፐርቫይዘሮቹም ቀዩን መብራት ለምደውት ስድስት ወር አለፈ። ቁጥሩ የት እንደሚሄድ ያወቀ የለም።

ሻምሱን ጆሪናን ወደ ጥግ ጠራቻትና የጣቷን ነገር እንደደረሰችበት ነገረቻት። ያኔ ጆሪና አለቀሰች። ከዚያ ወደ ኦሊ ቻቻ ይዛን ሄደች።

ኦሊ ቻቻን ሁሉም ቻቻ፣ አጎቴ እያለ ነው የሚጠራው። መርፌ ጠባቂ ነው። ሦስተኛው ፎቅ መግቢያ ላይ በሽቦ የታጠረች ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ልብስ ውስጥ የመርፌ ስባሪ ተገኘ ማለት የውጭ ገዥ ጠፋ ማለት ስለሆነ፣ እዚያ ቤት መርፌ እንደ ጥይት ነው የሚጠበቀው። መርፌ የሰበረች ሴት ስባሪውን ሁሉ ለቅማ ታመጣለች። ቻቻ ገጣጥሞ፣ ሙሉ መሆኑን አይቶ፣ መዝገቡ ላይ በፕላስተር ይለጥፈዋል፤ ስሟን፣ ላይኗንና ቀኑን ይጽፋል። ከዚያ በፊት አዲስ መርፌ አይሰጥም። አንድ ስባሪ ከጎደለ እስኪገኝ ድረስ ከዚያ ፎቅ አንዲት ክር አትወጣም።

አሁን ገባኝ። ሥራ ያልገባ ሰው መርፌ አይሰብርም። ሰኞ ምሳ ላይ ጆሪና የጮኸችው ለዚህ ነበር። ሹክላ መቅረትሽ ለምን በዛ ብላ ስትጠይቃት ንዴቷ ገንፍሎ፣ ቆጣሪ ከሆንሽ ነይና መርፌዎቼን ቁጠሪ ብላት ነበር። ልጅቷም አልተቀየመችም፤ ሮጣ መጣች። ሁለቱ ሆነው ቻቻን ለመኑት፣ እሱም መዝገቡን ለአንድ ማታ አዋሳት። መዝገቡ ከዚያች ክፍል እንዳይወጣ ሕግ አለ። ጆሪና አፏን የዘጋችው የሽማግሌውን እንጀራ ላለመቁረጥ ነው።

ቻቻ ራሱ የባሰ ነገር አወጣ። ሰኞ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መዝገቡ ሳይመለስለት ሲቀር ተጨንቆ ወደ ሹክላ ቢሮ ወጥቶ ነበር። በሩ ክፍት ነው፣ እሷ የለችም። ፈርቶ ወረደ፣ ለማንም አልተናገረም። ያየው ሰው የለም። መዝገቡ ቢጠፋ የሚባረረው እሱ ነው። እጄ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ካቴናው ሄደ። ሻምሱን እጄን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ቻቻ መዝገቡን ማስመለስ ነው የፈለገው፤ ቢነጥቃት ኖሮ ዛሬ መዝገቡ እዚህ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ የወሰደችው መዝገብ ስንተኛው እንደሆነ ጠየቀችው። የመጨረሻው ነው። ከዚያ በፊት ያሉት አራቱ ጠረጴዛው ሥር በጆንያ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ሲያወጣቸው ሻምሱን መዝገቦቹን እንደ ሕፃን ነው ያቀፈቻቸው።

ያን ቀን ከሰዓት እኔና ጆሪና ከሌሎች አምስት ሴቶች ጋር ስሞቹን ከማሽኑ ዝርዝር ጋር ስናመሳክር ዋልን። ሻምሱን ብቻዋን ሹፌሮቹ ሻይ የሚጠጡበት ቦታ ሄዳ አንድ ሰዓት ተቀምጣ መጣች። ምን ሰሙ ብላት፣ ሻዩ ስኳር በዝቶበታል አለችኝ። ተቀየምኳት።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ባለቤቷ ወይዘሮ ፌርዶሲ ቾውዱሪ ከሁለት ባለአክሲዮኖች ጋር ተቀመጡ። የስልሳ ዓመት ሴት ናቸው፤ ነጭ ሳሪ ለብሰዋል፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ኻይሩል ዘገባውን አቀረበ። ፎቁ የሚዘጋበት ወረቀት ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ሻምሱን በሩን አንኳኩታ ጆሪናን፣ ቻቻንና እኔን አስከትላ ገባች፤ የጣት ማሽኑን ነቅለን ተሸክመን ነው የመጣነው።

«አፓ ጆሪና፣ ጣትዎን ያሳርፉ» አለች።

ቀይ። ደግማ አሳረፈች። ቀይ።

ሻምሱን ወደ ወይዘሮ ፌርዶሲ ዞራ፣ «በዘገባዎ መሠረት ይህች ሴት አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ የለችም» አለቻቸው።

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጆሪናን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ሻምሱን አራቱን መዝገብ ዘርግታ ቀሪ የተባሉት ሴቶች በቀሩባቸው ቀናት የሰበሯቸውን መርፌዎች አሳየች፤ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ በላይ ናቸው። ኻይሩል በጣም የሚገርም ነው አለ፤ ማሽኑን ቶሎ እንደሚያስጠግን ተናገረ። ልቤ ለሱም ትንሽ ራራ፤ ምስኪን፣ የለፋበት ነገር ገደል ገባበት አልኩ።

ሻምሱን ግን አልጨረሰችም። ያቺን ከረጢት አወጣች። «ይህ መርፌ ጎዶሎ ነው። በቤታችሁ ሕግ ጎዶሎው ሳይገኝ ምንም ነገር ከዚህ አይወጣም። ስለዚህ ሁላችንም ኮትና ጃኬታችንን በመፈተሻው እናሳልፍ።»

መፈተሻውን አስቀድማ እስከ በሩ አስገፍታው ነበር። መጀመሪያ የኔን ኮት ሰጠሁ፤ ቁልፉ ብረት ስለሆነ ጮኸብኝ፣ ሰውም ሳቀ። የባለአክሲዮኖቹ አለፈ። ኻይሩል ጃኬቱን ሊያወልቅ ሲል እጁ ዘገየ። ከዚያ አውልቆ ሰጠ። ጃኬቱ በሚንቀሳቀሰው ቀበቶ ላይ ገባ፤ ማሽኑ ጮኸና ቀበቶው ቆመ።

«ዚፑ ነው» አለ።

«ዚፑ ብረት አይደለም ብለውኛል» አለች ሻምሱን። «ድምፅ አያሰማም ብለውኛል።»

ኦሊ ቻቻ ማንም ሳያዘው ቀረበ። የጃኬቱን እጅጌ ጫፍ ገልብጦ መርፌ የሚፈልግበትን ማግኔት በሹራብ ጠርዙ ላይ ጎተተ፤ ከዚያ በወረንጦ አንዲት ፀጉር የምታክል ነገር መዞ አወጣ። ነጭ ወረቀት ላይ ከወፍራሙ ግማሽ ጫፍ ጋር ገጠማት። ሃያ ሁለት ዓመት እንደለመደው ጎንበስ ብሎ በማጉያ መነጽር አየና፣ «መርፌው ሙሉ ነው» አለ።

ኻይሩል መጀመሪያ ስለ ጣቱ አነሳ፤ በአስራ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ወጥቻለሁ አለ። ሻምሱን ጣት ወጣ ማለት ሰው ወጣ ማለት እንዳልሆነ ነገረችው። ሹፌሩ እንደተናገረው፣ ጌታው ሁልጊዜ ጣታቸውን ካሳረፉ በኋላ የምሽቱን ሶላት እዚያው ሰግደው ነው የሚወርዱት፤ ሰኞ ዕለት ግን ሶላት ላይ አልታዩም፣ መኪናው ውስጥ የገቡት ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ሐሙስን አሳልፊልኝ ብዬ ለመንኳት» አለ ድምፁ እየተሰበረ። «ማሽኑን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ ክፍል ውስጥ ስለሱ ምያለሁ። አልሆነም አለች። መዝገቡን ያዝኩ፣ እሷም ያዘች። ወረቀቱ ተቀደደና ወደ ኋላ ወደቀች። ላፕቶፑን ሰብሬ ጆንያ ውስጥ ወረወርኩ፣ መዝገቡን ይዤ ሄድኩ፤ ትነሳለች ብዬ ነው የሄድኩት።»

«ሌሊቱን ሙሉ አልተነሳችም» አለች ሻምሱን። ከዚያ በላይ አልተናገረችውም። እጄ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ካቴናው ሄደ፤ አሁን አልከለከለችኝም።

ልንወጣ ስንል ወይዘሮ ፌርዶሲ ጆሪናን ስንት ዓመት እንደሠራች ጠየቋት። አስራ ዘጠኝ አለች። እሳቸው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከወጡ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው ተናገሩ፤ ቁጥሩ ይደርሰኛል ብዬ ነበር አሉ። ለፊርማ የቀረበውን ወረቀት ለሁለት ቀደው አስቀመጡትና ተነስተው ጆሪናን ነይ፣ ውጪና አሳዪኝ አሏት። ሁለቱ ሴቶች ደረጃውን አብረው ሲወጡ ከታች ሆኜ አየኋቸው፤ እኔ ሞታሌብ፣ በሥራ ሰዓት አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ሹክላ በማግስቱ ዓርብ ነቃች። ሐኪሙ አንድ ሰው ብቻ ይግባ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ አለ፤ ሻምሱን እንደ ልማዷ አግባብታው እሷ፣ ጆሪናና እኔ ሦስታችንም ገባን። ልጅቷ ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። እናቷ በብርቱካን ጭማቂ ከንፈሯን እያረጠቡላት ነው። እኔ መዝገቤን አውጥቼ ቃሏን ልቀበል ስዘጋጅ፣ እሷ በኔ ላይ ዓይኗን እንኳ አላሳረፈችም። ጆሪናን ነው ያየችው።

«ሐሙስ አለፈ?» አለች።

«አለፈ፣ ልጄ።»

ያላበጠችው ዓይኗ እንባ ሞላች። «ስንት ሰው ተባረረ?»

ጆሪና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጇን ያዘችላት። «አንድም። ስድስት መቶ አርባ ነበርን፣ ስድስት መቶ አርባ አለን።»

ሹክላ ዓይኗን ጨፈነች፤ ያንቀላፋች መስሎን ልንነሳ ስንል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ስድስት መቶ አርባ አንድ» አለች በሹክሹክታ። «የላይን ሦስቷ ልጅ ሰኞ ከወሊድ ፈቃድ ትመለሳለች።»

ጆሪና በሳቅ ፈነዳች፤ ነርሷ መጥታ እስክታስወጣን ድረስ ሳቋን ማቆም አልቻለችም።